አውራ ጣቴና ሠላሳው ደረሰኝ

ሊያዬ፣ እንዳልኩት ጻፊው እንጂ አታሳምሪው። የተማረ ሰው ቋንቋ ከጨመርሽበት የኔ መሆኑን ማንም አያምንም።

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እግሬ ግን ይህን አልሰማም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ከኔ በፊት ተነስቶ ጫማ ይፈልጋል። የት ሊሄድ? ቢሮው ተዘግቷል፣ ካዛንቺስ የነበረው የድሮው ግቢ ደግሞ ፈርሶ ቆርቆሮ ታጥሮበታል። እናትሽ "እማዬ ቁጭ በይ፣ እረፊ" ትለኛለች። በቃ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ስል ደሜ ይፈላል። ተነስቼ ደረጃውን እጠርጋለሁ። ባለፈው የታችኛዋ ጎረቤት "እማማ፣ የኔን በር ተዉልኝ እንጂ፣ ሰው ሰነፍ ናት ይለኛል!" ብላ ተቆጣችኝ። ጉልበቴ እምቢ አለ ብዬ ነው ሥራ የተውኩት፣ አሁን ግን ጉልበቴም አያስቀምጠኝም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጻፊልኝ ያልኩሽ።

ሥራዬ ምን ነበር ላለኝ ሰው ጽዳትና ተላላኪ እላለሁ፤ በደሞዝ ወረቀቱም ላይ እንደዛ ነው ያለው። ዋናው ሥራዬ ግን አውራ ጣቴ ነበር።

መጀመሪያ ከመንዝ እንደመጣሁ ለገሃር አንድ አልቤርጎ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ከዛ ባምቢስ በኩል አንድ አስመጪ ዘንድ ቢሮ አጸዳሁ። ሰውየው ስኳሩን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል፣ ከመቆለፉ በፊትም የት ድረስ እንደሆነ ብልቃጡ ላይ በእርሳስ ያሰምርበት ነበር። እሱን ጥዬ ስወጣ መንግሥት ተለውጦ፣ ፓርቲ የሚባል ነገር እንደ ክረምት እንጉዳይ በየግቢው ይፈላ ነበር። አንዱ ካዛንቺስ ከቤቴ ጀርባ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራየ። ምልክቱ መሰላል ነው። ስሙ ረጅም ስለነበር እኔ እስከ መጨረሻው መሰላል ቤት ነው የምለው። ደሞዙ ከአስመጪው ትንሽ ይሻላል፣ ስኳሩ ደግሞ ክፍት ነው። ገባሁ።

እዛ ነው ጋሽ ተካልኝን ያገኘሁት። ገንዘብ ያዡ ናቸው። ድሮ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲሸጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ሲሄዱም ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው። በመስኮት ቀዳዳ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስተናግዱ ኖረው የሰው ፊት ማየት ትተዋል። የሚያዩት እጅ ነው። "ፊት ይስቃል፣ እጅ ግን አይስቅም" ይሉ ነበር።

በገባሁ በሳምንቱ ጠሩኝ።

"የሺመቤት፣ ፊደል ቆጥረሻል?"

"አልቆጠርኩም ጋሼ።" ሊያባርሩኝ መሰለኝ።

"ጥሩ። ምስክር ትሆኚኛለሽ።"

"ያላነበብኩትን ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?"

"ያነበበ ሰው ወረቀቱን ያምናል። አንቺ የምታምኚው የሰማሽውን ብቻ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርቲ እርዳታ ሲቀበል ማን ምን እንደሰጠ ጽፎ በየዓመቱ ለምርጫው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያደርጋል። ትንሽ የሰጠ በተራው ዝርዝር ይገባል። በዛ ያለ የሰጠ ግን ለብቻው ወረቀት አለው፤ ስሙ ከነአያቱ፣ ሥራው፣ አድራሻው ይሰፍራል። ለምን አልኳቸው። "ባቡሩን ማን እንደሚገፋው ተሳፋሪው ማወቅ አለበት" አሉኝ።

ጋሽ ተካልኝ ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ሌላው ሰው ገንዘብ ሲያይ ይዘጋል፣ እሳቸው ይከፍታሉ። ከዛ ሰጪውን ያቆሙና "ስም ከነአባት ከነአያት፣ ጮክ ብለው፣ ከነገንዘቡ ልክ" ይላሉ። ሰውየው ይናገራል። እኔ መጥረጊያዬን አስደግፌ እደግመዋለሁ። ብሩን ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ጣታቸውን በእርጥብ ስፖንጅ እንጂ በምራቅ አይነኩም፣ ምራቅ ለእሳቸው ነውር ነው። ደረሰኙ ሦስት ቅጂ ነው። የመጨረሻዋን ወደ መስኮቱ አንስተው ካርቦኑ መያዙን ያያሉ። ከዛ ወደኔ ዞረው "ምን ሰማሽ?" ይላሉ። ስነግራቸው ብቻ ነው የቀለሙን ቆርቆሮ የሚከፍቱልኝ። አውራ ጣቴን አጠቅሳለሁ፣ አሳርፋለሁ።

ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ንባብ አለ። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ጋሽ ተካልኝ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። በየስሙ እኔ "ሰምቻለሁ" ወይ "አልሰማሁም" እላለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ከነአያቱ አንዴ ከሰማሁ አይጠፋብኝም። እኛ ሰፈር በሴቶቹ እድር ጠሪዋ እኔ አይደለሁ? ሰው ሲሞት ቤት ለቤት እየዞርኩ የምናገር እኔ ነኝ።

አንዴ "ስምንት ሺህ" ብለው አነበቡ።

"አልሰማሁም" አልኩ። "የሰማሁት አሥራ ስምንት ነው።"

የፓርቲው ሊቀመንበር ከወዲያኛው ክፍል ሰምቶ፣ "ደግሞ ጽዳቷ ሒሳብ መረመረችን?" ብሎ ሳቀ። ጋሽ ተካልኝ አልሳቁም። የሰጪውን ቅጂ አስመጥተው አዩት። ካርቦኑ ተንሸራቶ "አሥራ" የምትለዋ ሳትያዝ ቀርታለች። ሰውየው ከትልልቆቹ ወረቀት ወጥቶ ከትንንሾቹ ገብቶ ነበር። ያን ቀን ጋሽ ተካልኝ በገዛ እጃቸው ሻይ ቀድተው አመጡልኝ። ሊቀመንበሩ እያየ።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሠራን። አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ቆይ መስኮቱን ልክፈተው፣ ታፍኛለሁ።

ምርጫ የቀረበ ሰሞን ነው። ጋሽ ተካልኝ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ሊታከሙ ሆስፒታል ገቡ፣ ሦስት ሳምንት። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ወጥቶ ኮሪደሩን ስወለውል ሊቀመንበሩ ብቅ አለ።

"እትዬ የሺ፣ እስቲ አንዴ ይምጡ።"

አንቱ አለኝ። ከገባሁ ጀምሮ "አንቺ የሺ" ሲለኝ የኖረ ሰው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ገባሁ። አንድ ወፍራም የቆርቆሮና የብረት ነጋዴ ተቀምጧል። እግሩ ሥር የብስኩት ካርቶን አለ፣ በገመድ የታሰረ።

"በሩን ዝጊው እናቴ" አለኝ ነጋዴው። ዘጋሁት። በዚህ በራሴ እጅ።

ካርቶኑ ውስጥ ዘጠና ሺህ ብር ነበር። በዛን ጊዜ ዘጠና ሺህ ማለት ቤት ማለት ነው።

"እኔ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም" አለ ነጋዴው። "ነገ ግብር አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ጨረታ አለ። ለአገር ብዬ ነው የሰጠሁት፣ ስሜ አይጠራ።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ሲል ሆዴ ራራ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በድምጽ ማጉያው የሰጪ ስም ሲዘረዘር ሰው ዝም ብሎ ይሰማል። "ስሜ አይጠራ ያሉ አንድ ወንድም" ሲባል ነው እልልታው የሚቀልጠው። ስሙን የደበቀ ጽድቁ እጥፍ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ወፍራሙን ሰውዬ እንደ ጻድቅ አየሁት። የእግዜር ቤትና የፓርቲ ቤት አንድ አለመሆኑን ጋሽ ተካልኝ ስንት ዓመት ሲያሳዩኝ ኖረው፣ በአንድ ቃል ጠፋብኝ።

"የእድራችሁ ሴቶች ስንት ናቸው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ከኔ ሌላ ሠላሳ።"

"ስማቸውን ያውቁታል?"

"ስማቸውን? ከነአያታቸው ነዋ!" አልኩ። ኩራቴ! ኩራቴ ይግደለኝ።

"ብሩን በሠላሳ ሰው ስም ብንከፍለው ለእያንዳንዱ ሦስት ሺህ ነው። በትንንሾቹ ዝርዝር ይገባል። የሚጎዳ የለም።"

"ሴቶቹ አይወቁ?"

"ስማቸው ለጥሩ ነገር ነው የሚጻፈው። ቢሰሙ ደስ ነው የሚላቸው።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው ሲሞት እንደማደርገው ከታችኛው ውሃ ቦኖ ተነስቼ በልቤ በር በር አንኳኳሁ። ባለ አረንጓዴ በሯ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ፣ ቀጥሎ ባለ ሱቋ። እያንኳኳሁ ስም እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አሥራ አንደኛዋ ላይ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ደረስኩ። ጦይባ ከድር። ጓደኛዬ። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጠዋ ጦይባ። እሷንም ጠራኋት።

ሠላሳ ጊዜ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። መሃል ላይ ቀለሙ ሲደርቅብኝ በምራቄ አረጠብኩት።

ጋሽ ተካልኝ አዲስ መነጽር አድርገው ተመለሱ። የንባቡ ቀን ደረሰ። እነዛ ሠላሳዎቹ ጋ ሲደርሱ ድምጻቸው ቀስ አለ።

"ጦይባ ከድር፣ ሦስት ሺህ።" በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ፊቴን አይደለም፣ እጄን። "ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

ሠላሳ ጊዜ ሰምቻለሁ አልኩ። ፈረሙ፣ ሪፖርቱ ሄደ።

ያልፍ ነበር ይሆናል። ሊቀመንበሩ ግን አፉን መያዝ አይችልም። ፓርቲው በሚያወጣት ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ላይ፣ የካዛንቺስ ድሃ እናቶች ካላቸው ቀንሰው እንዲህ ሰጡን ብሎ ሠላሳውን ስም አሳተመ። የራሱን ውሸት አምኖ ኮራበት! ጋዜጣዋ ሰፈር ለሰፈር ዞረች፣ ቀበሌም ገባች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጦይባ በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

"የሺ! አንቺ እዛ መሰላል ቤት የምትሠሪው፣ ስሜ እዛ ምን ይሠራል?"

"የምን ስም?"

"ሦስት ሺህ ብር ሰጥተሻል አሉኝ። ሦስት ሺህ! ወላሂ፣ ሦስት ሺህ ቢኖረኝ ቲማቲም እሸጣለሁ? ቁጭ ብዬ ቲማቲም እበላለሁ እንጂ!" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "የሸምሱን ወረቀት ከለከሉኝ።"

ሸምሱ ባሏ ነው፣ ስኳር አለበት። እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ነበር። አቅም የሌለው ሰው በነጻ እንዲታከም ቀበሌ የሚሰጠው ወረቀት አለ፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ልታሳድስ ስትሄድ ጋዜጣዋን አውጥተው አሳዩዋት። ሦስት ሺህ ብር ለፓርቲ የምትረጥብ ሴት ድሃ ናት? አሏት።

"ማን ነው ስሜን የሰጠው የሺ? ከነአያቴ! አያቴን እዚህ አገር ማን ያውቀዋል?"

"እኔንጃ" አልኩ።

እኔንጃ። አስቢው ሊያዬ። አያቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ሰሞን ወንበር አያስቀምጠኝ። ቢሮውን ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ፣ ወጥቼ እስከ ባምቢስ እሄድና ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ስንት ቀን እንዲህ አባከንኩ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጋሽ ተካልኝ ኮታቸውን ሳይሰቅሉ ፊታቸው ቆምኩ።

"ጋሼ፣ አልሰማሁም።"

"የቱን?"

"ሠላሳውንም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ጠርጥሬ ነበር።"

"እንዴት?"

"ስሞቹ በቤት ተራ ናቸው። ገንዘብ ሰጪ በቤት ተራ አይመጣም። በቤት ተራ የሚመጣው ለቅሶ ጠሪ ነው።"

መሬት ብትውጠኝ። "ታዲያ ለምን ፈረሙ?"

"ሰምቻለሁ ስላልሽ።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ከአንቺ ጆሮ ይልቅ የራሴን ዓይን ጠረጠርኩ። ገና ከኦፕሬሽን የወጣ ዓይን ነው ብዬ።"

ከዚህ በላይ የጎዳኝ ቃል የለም።

የደረሰኙን ጥራዝ በፌስታል አድርገን ስንወጣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ደረሰብን። "አንቺ የሺ፣ ፓርቲውን ልታፈርሺው ነው?" አንቱታው ቀርቷል። ጋሽ ተካልኝ፣ "የሚፈርስ ከሆነ ድሮም አልቆመም" ብለውት አለፉ።

የምርጫው መሥሪያ ቤት አንዲት ቁጥብ ወጣት ተቀበለችን። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ዘረጋች።

"ይሄ አሻራ የእርስዎ ነው እናቴ?"

"ጣቱ የኔ ነው። ጆሮዬ ግን አልሰማም። ሠላሳውም የአንድ ሰው ገንዘብ ነው።"

"ስሞቹን ማን ሰጣቸው?"

ጋሽ ተካልኝ አላዩኝም። መስኮት መስኮት አዩ። እኔም "ቢሮ ውስጥ ነው የተጻፈው" አልኩ። እውነት ነው፣ ቢሮ ውስጥ ነው የተጻፈው።

ሪፖርቱ ተስተካከለ። ነጋዴው ስሙ በትልልቆቹ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ከዛ በኋላ ሰላምታም ነሳን። ፓርቲው ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሠላሳዎቹ ሴቶች ምንም እንዳልሰጡ የሚል ባለ ማህተም ደብዳቤ ወጣ፣ ጦይባ ይዛ ቀበሌ ሄደች፣ ወረቀቷ ታደሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ወር አልፏል። የሸምሱ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ቁስሉ ድሮም የማይድን ነበር ወይስ ሁለቱ ወር ነው የቆረጠው? እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንቅልፍ የሚነሳኝ አለማወቄ ነው።

ጦይባ ግን ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ጋሽ ተካልኝና እኔ ሄደን እንዳስተካከልን ሰማች። መጥታ አንገቴን አቅፋ፣ "አንቺ ባትኖሪልኝ ማን ነበረኝ የሺዬ!" ብላ አለቀሰች። እኔም አቀፍኳት። ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ቡና አፈላሁላት። ከዛ ወዲህ በየዒዱ ሰሃን ሞልታ ትልክልኛለች፤ ለኔ ስትል ሥጋውን ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ታስገዛለች። ቤቷ ስገባ ደግሞ ሸምሱ፣ "የሺ መጣች፣ ወንበር አምጡ!" እያለ ክራንቹን ተደግፎ በአንድ እግሩ ይነሳልኛል። "ኧረ ተቀመጥ፣ በሞቴ" እለዋለሁ። "ላንቺ ያልተነሳሁ ለማን ልነሳ?" ይላል። በየጊዜው። በየጊዜው ይነሳል።

ጋሽ ተካልኝ ሥራ ሲለቁ ስፖንጃቸውን ሰጡኝ። "ሪፖርቱ ተስተካክሏል የሺመቤት" አሉኝ፣ "አንድ መስመር ግን ይቀራል። እሱን እኔ አልጽፈውም።" ከዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የተነገረውን አልሰማሁም፣ ያቺ መስመር ጆሮዬን ደፍናው ነበር።

ፓርቲው ተንገዳግዶ ወደ ደምበል አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየ። አዲሱ ሒሳብ ሠራተኛ ጎበዝ ነው፣ ኮምፒውተር አለው። አንድ ቀን ገንዘብ ሲመጣ ሮጬ በሩን ከፈትኩ። "እማማ፣ ብርድ አስገቡብን" አለኝ። "አሁን እርዳታ በባንክ ነው የሚገባው፣ ስሙም አብሮ ይመጣል። ምስክር አያስፈልግም።" ደግ ልጅ ነው፣ ሊያስቀይመኝ ብሎ አይደለም። በሩን ዘግቼ መጥረጊያዬን ያዝኩ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ እዛው ጠረግሁ፣ አውራ ጣቴ ግን ያን ቀን ነው ጡረታ የወጣው።

ይኸው ነው። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ... አይ፣ ቆይ፣ ለኔ አይደለም። እኔ ሰምቼዋለሁ። ጦይባ ከካዛንቺስ ስትነሳ የሰጧት ቤት በሁለት ታክሲ ይደረሳል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እሷም ሸምሱም ቤት ናቸው። እዛ ነው የምታነቢው። ጮክ ብለሽ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ። ጦይባ ከድር፣ አሥራ አንደኛ፣ ስሟን የሰጠቻት ጓደኛዋ የሺመቤት። እሷ ጋ ስትደርሺ ድምጽሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። ምን ትል እንደሆነ አላውቅም። ታባርረኝ ይሆናል፣ መብቷ ነው። ሸምሱ ሲነሳልኝ ግን ገና ከበሩ "ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ስማ" እለዋለሁ።

ከታች ቦታ ተዪ። ቀለሙን በቦርሳሽ ያዢው፣ ስፖንጁንም። ጦይባ እስከ መጨረሻው አዳምጣ "ሰምቻለሁ" ካለች ብቻ ነው አውራ ጣቴን የማሳርፈው። ካላለች ወረቀቱ ባዶውን ይመለሳል።

በይ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ። እግሬ ቀድሞሻል።